የፋጤን ሞት ማን ቀደደው

ሐሙስ፣ ሰኔ 21

ታሪኬን የጻፍኩበትን ደብተር ሰጠኋቸው። ቲቸር ይመር የአማርኛ መምህራችን ናቸው፤ የሥነ ጽሑፍ ክበቡም በእጃቸው ነው። ቅዳሜ በወላጆች ቀን አንድ የተማሪ ታሪክ በድምፅ ማጉያ ይነበባል፣ የኔን መርጠዋል። ስለ ፋጤ ነው። ዕድሜዋ መታወቂያ ላይ ተጨምሮላት ዓረብ አገር የምትላክ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። መጨረሻው ላይ በሳጥን ትመለሳለች። መጻፉ አስጠልቶኝ ነበር፤ ሌላ ነገር ስሞክር ግን ውሸት ሆነብኝ።

«አንዲት ቃል አልነካም» ብለውኛል።

ግልባጭ አላስቀረሁም። አሥራ አንድ ገጽ ማን ይገለብጣል!

አርብ፣ ሰኔ 22

የጻፍኩት ለሰዓዳ ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነን። ፓስፖርቷ ወጥቷል፣ ረቡዕ ወደ ዓረብ አገር ትሳፈራለች። በመታወቂያዋ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ እኔ ገና አሥራ ስድስቴ ነው፣ እሷ ከኔም በሁለት ወር ታንሳለች! መሄድ አትፈልግም። ለእናቷ ለእትዬ ዘሀራ ግን አፍ አውጥታ መናገር አቃታት። ስለዚህ ፋጤ ትናገርላት። ዕቅዳችን፦

— ሰዓዳ እናቷን ፊት ወንበር ላይ ታስቀምጣለች
— እኔ ከኋላ (ካለቀስኩ እንዳልታይ)
— ወደ ቤት ሲመለሱ መንገድ ላይ «እማ፣ ልቅር» ትላለች

ዝናብ ብቻ እንዳይመጣ።

ቅዳሜ

ዝናቡ ቀረ። ምነው በመጣ!

ቲቸር ይመር ራሳቸው አነበቡት። ዘጠኙን ገጽ ቃል በቃል። እትዬ ዘሀራ ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ነበር። አሁን፣ አሁን ስል ፋጤ ከአውሮፕላን ወረደች። በእግሯ! ወርቅ አጥልቃ። ለእናቷ ቆርቆሮ ቤት ሠራች፣ ተዳረች፣ አለቀ። ከወረዳ የመጡት እንግዶች ቆመው አጨበጨቡ። ስሜ ተጠራ። ክው ብዬ ቀረሁ።

እትዬ ዘሀራ ሲወጡ ሰዓዳን አቅፈው «አየሽ ልጄ፣ አንቺም ኢንሻ አላህ እንዲህ ደምቀሽ ትመጫለሽ» አሏት። እኔንም ሳሙኝ። «አላህ ያሳድግሽ፣ ልቧን አበረታሽልኝ።»

ሰዓዳ ቀና ብላ አላየችኝም። እኔ የለወጥኩት መስሏታል። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ማለት ይሄ ነው።

እሑድ

የቲቸር ይመር ቤት ሄድኩ። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ደብተር ላይ አንቱ ብዬ አልጽፈውም። ፊት ለፊቱ ግን አንቱ አልኩት፤ አፌ አልታዘዘኝም።

የታሪኬን ደብተር መለሰልኝ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ገጾች የሉም። «እንግዳ ገልጦ እንዳያይ ቀደድኳቸው» አለ፣ ምንም እንዳልሆነ ነገር። «አብሽሪ ሀያት፣ ለልጅ ጨለማ አይጻፍም። ተስፋ ነው የሚሰጠው። ስታድጊ ትረጂኛለሽ።»

ለልጅ! አምና የጎረቤታችን ልጅ ስትሞት ለቅሶ ቤት ውሃ ያመላለስነው እኛ ነን። ሂዱ ስንባል ልጅ አይደለንም፤ ሲነበብልን ብቻ ልጅ እንሆናለን። እዚህ አገር ዓረብ አገር ላለ ሰው መርዶ አይነገርም። የሄደችው ልጅ እናቷ ሞታ እንኳ ስትደውል «ገበያ ሄዳለች» ይሏታል። እሷም ተደብድባ «አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ትላለች። ሁሉም ለሁሉም እያዘነ ይዋሻል። መጽሐፍም ከዋሸን ማን ሊነግረን ነው?

ይህን ሁሉ አልነገርኩትም። «እሺ ቲቸር» ብዬ ወጣሁ። የተናደድኩት በሱም በራሴም ነው።

ሰኞ

ቀኑን ሙሉ የፋጤን መጨረሻ እንደገና ጻፍኩ። በፊት ሞቷን አሳምሬው ነበር፣ እንቅልፍ የወሰዳት አስመስዬ። አሁን አላሳመርኩም። በር ሲቆልፉባት፣ ስልኳን ሲቀሟት፣ ስትጣራ ሰው ሲጠፋ፣ አንድ በአንድ። አራት ገጽ ሆነ። ከቀደደው ይበልጣል፤ ደስ ግን አላለኝም።

ማክሰኞ

ሰዓዳ መጀመሪያ ፊት ነሳችኝ። «ምን ጎደለብሽ፣ ተጨበጨበልሽ» አለችኝ። «እኔ አልለወጥኩትም፣ ቲቸር ነው» ብዬ ገጾቹን ጭኗ ላይ ጣልኩ። የጉዞ ቦርሳዋ ላይ ተቀምጣ አነበበችው። ሁለቴ። አላለቀሰችም፤ ተቆጣች።

«ለምን ገደልሻት?»

ለእናቷ እናንብብላቸው ስላት ራሷን ነቀነቀች። «እማ የቲቸርን ፋጤ አይታ ጨርሳለች። አሁን የሚሰማኝ የለም።» ገጾቹን እንደገና ገልጣ፦ «ስልኳን ሲቀሟት በሌላ ሰው ስልክ ለምን አልደወለችም?»

«ቁጥር በቃሏ አታውቅማ።»

ስልኳን አየች። እሷም የእናቷን ቁጥር በቃሏ አታውቅም። ማናችንም አናውቅም፤ ስም ተጭነን ነው የምንደውለው። ከስልኳ አወጣሁትና እስኪመሽ አስጠናኋት። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁጥሮች ታገላብጣለች። እንደገና። አሁንም ታገላብጣለች። በስተመጨረሻ ሦስት ጊዜ በትክክል አለችው።

ረቡዕ

አውቶቡሱ ሄደ። እትዬ ዘሀራ ዱአ እያደረጉ ነበር፣ እኔ መስኮቱ ሥር። ሰዓዳ እጇን አላወዛወዘችልኝም። ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ቁጥር በቁጥር ተከተልኳት። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች ላይ ስትደርስ አንድ ሰው መሃላችን ገባ፤ በትክክል ትበላቸው፣ ታገላብጣቸው አላየሁም።