በሁለቱም ኪስ መዳብ

ውድ ሚዛኔ፣

ይህን ስም ያወጣሁልሽ እኔ ነኝ፤ ቤተ ሙከራው ውስጥ አንቺ የለካሽውን ማንም ደግሞ አይለካውም ነበርና። ሌላ መጠሪያ ስላጣሁልሽ አሁንም በዚያው ልጥራሽ።

የመመረቂያ ሥራዬን ባቀረብኩበት ቀን፣ አጠገብሽ የተቀመጠችው እናቴ ምን እንደሠራሁ እንድታስረጂያት ስትጠይቅሽ ሰምቻለሁ። ሁለት ኪስ ያለው ሞለኪውል መሆኑን፣ በናይትሮጅኑ ኪስ መዳብ፣ በኦክስጅኑ ኪስ ብረት እንዳስገባሁ፣ ሁለቱም ቦታ እንደሚሻሙ ነገርሻት። ሁለት ባላንጣ በአንድ ጣራ ሥር እንዴት ይኖራል ብትልሽ ሳቅሽ።

«ይኖራሉ እማማ። ልጅዎ አስታርቃቸዋለች።»

እኔም እንደ ሞኝ አብሬ ሳቅሁ።

ከዚያ መድረክ ላይ ወጣሁ። አንቺ የለካሽውን፣ አቶሞቹ የት የት እንደተቀመጡ የሚያሳየውን የክሪስታል ምስል ስከፍት ፈታኙ መነጽራቸውን አውልቀው ጠጋ አሉ። ብረት ብለሽ የጻፍሽበት አቶም ከጎረቤቶቹ ያለው ርቀት የብረት አይመስልም፣ በደንብ ተጣርቷል ወይ አሉ። ወደ አንቺ ዞርኩ። ቀና አላልሽም። በሁለቱም ኪስ የገባው መዳብ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ፣ ገና ስትለኪው እንዳወቅሽ አልካድሽም። «ደስታሽን ላፈርስብሽ አቃተኝ» ነው ያልሽኝ። ሚዛኔ፣ የከሸፈ ሙከራ መቼ ገድሎኝ ያውቃል? የከሸፈብኝን በደፋሁ ቁጥር ብልቃጡን አብረሽኝ ያጠብሽ አንቺ አይደለሽም? ለብቻዬ ብትነግሪኝ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። አንቺ ግን ጉዴ ሰው ፊት እስኪወጣ ጠበቅሽ።

እንደገና ሠራሁት። መዳብ ሆዳም ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ስጨምራቸው የብረትን ቦታ ይቀማ ነበር። ስለዚህ ለአንዱ ኪስ ብቻ የሚበቃ መዳብ አስቀድሜ አስገባሁ፣ ቦታውን እስኪይዝ ታግሼ ብረቱን አስከተልኩ። ሌላ ሰው ለካልኝ፤ ሁለቱም በየቦታቸው ናቸው። ዲግሪዬንም አገኘሁ። ውጤቱን እንዳየሁ ልደውልልሽ ስልኬን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። እሱ ነው ከሁሉ ያንገበገበኝ።

እናቴ ለምን እንደጠፋሽ ስትነዘንዘኝ እውነቱን ነገርኳት።

«አንቺንስ አዝናልሽ ነው እንበል» አለችኝ። «እኔን ዓይን ዓይኔን እያየች ለምን ዋሸችኝ?»

እኔን ተዪኝ፤ ለእሷ ግን ራስሽ መጥተሽ መልሺላት። በሩን ትከፍትልሻለች። እኔ ቤት የማልኖርበትን ቀን ምረጪ።

ጓደኛሽ የነበርኩት