የሚፈርሰው የጓሮ ካብ

ኅዳር ፲ ቀን፣ ጠዋት ፩ ሰዓት

ዛሬም ፈርሷል! ደብተሬ፣ ይኸው ለአራተኛ ጊዜ። ያው ቦታ፣ በጓሮ በኩል፣ ሰው የሚያሳልፍ ያህል። ድንጋዮቹ አልተበተኑም፤ ዳር ላይ በሥርዓት ተደርድረዋል። ጅብ እንዲህ አያደርግም። ሌባም አንድ ነገር ይወስድ ነበር።

ላማችን ቦራ ልትወልድ ቀናት ቀርተዋታል። የአምናውን ጥጃዋን ጅብ በእሾህ አጥሩ ሾልኮ በላው፤ ባለቤቴ አስካለ ሳምንት ሙሉ እህል አልቀመሰችም። ካቡን የጀመርሁት ለዚያ ነው። ዘንድሮስ እንዲያ ስትሆን ማየት አልችልም።

ማታ። አስካለ የከተማውን ግሪክ ግንበኛ ጥራ አለችኝ። እኔ እያለሁ? ፈገግ አለች። ያቺ ፈገግታዋ ታናድደኛለች። ደግሞ እወዳታለሁ።

ኅዳር ፲፪

ትልልቅ ድንጋይ፣ መሐሉ ጭቃ። ብዕር የለመደ እጄ ውኃ ቋጠረ። መ/ቤት ደብዳቤ መገልበጥ አቃተኝ። አስካለ ቅቤ እየቀባችኝ፣ የኔ ግንበኛ፣ እያለች ትስቃለች። ትሳቅ። ይህን የሚያፈርስ አይወለድም።

ኅዳር ፲፫

ፈረሰ። ጭቃው እንኳ ሳይደርቅ! አስካለ ቤታችን ሳይሠራ እዚህ ምን ነበር ትለኛለች። ምን ዐውቃለሁ፣ ጫካ ነዋ! ጮኽሁባት። ይቅርታ ጠየቅኋት። መልሼ ካብሁት፤ ነገ ጠብቄ እይዘዋለሁ።

ኅዳር ፲፬

ኧረ ጉድ! ለማንም እንዳትናገሪ።

ጎህ ሳይቀድ ዱላ ይዤ በረቱ ጥግ አደፈጥሁ። ኮሽ አለ። ዱላዬን አነሣሁ። ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? እማሆይ ወለተ ሥላሴ! ከጓሯችን ጀርባ ብቻቸውን የሚኖሩት መነኩሲት። ዳዊታቸውን እያነበነቡ ድንጋይ ያወርዳሉ፣ አንድ በአንድ። የሰው ድንጋይ መበተን ነውር ነው ብለው ይደረድሩታል። ቤታችን ሳይሠራ ጀምሮ ለኪዳን ወደ ጊዮርጊስ የሚሄዱት በዚህ ነው። ዙሪያው ቁልቁለት ነው፣ ጉልበታቸው አይችልም። በእሾህ አጥሩ ይሾልኩ ነበር። የደፈንሁባቸው እኔ ነኝ።

መንገዱን የሚዘጋውን ሰው ታውቀው እንደሆነ ብለው ጠየቁኝ። ዐይናቸው ደከም ብሏል፣ ጭቃ የለበሰ እጄን አላዩም። አላውቅም አልሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ። ይባስ ብዬ የቀረውን ድንጋይ እኔው አወረድሁላቸው። መረቁኝ! ለዚያ ክፉ ሰውዬም ልቡን እንዲመልስለት እየጸለዩ መሆኑን ነገሩኝ።

አስካለ ሳቋን ማቆም አቅቷት መሬት ቁጭ አለች። ከዚያ፣ ጥጃችንስ? አለችኝ።

ኅዳር ፲፮

በር ሠራሁ። በገዛ እጄ፣ ከባሕር ዛፍ ጣውላ። ትንሽ ጠመም ይላል፣ ግን ይዘጋል። ችግሩ ሌላ ነው። መወርወሪያው በውስጥ በኩል ነው፤ እማሆይ ሲመጡ ማን ይከፍታል፣ ሲመለሱስ ከኋላቸው ማን ይወረውራል? ሳይወረወር ካደረ ካቡ ምን ይጠቅማል? ያ ሰዓት ደግሞ የጅብ ሰዓት ነው።

ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ሁሉንም ተናዘዝሁ። ታዲያ የገዛ ካብህን ነው ስታፈርስልኝ የነበርኸው ብለው ሳቁ፣ ሳቁ። ስለ ጥጃው ስነግራቸው ግን ሳቁ ቆመ። እንግዲያውስ እኔ ልቅር፣ እቤቴ እጸልያለሁ አሉ። አንጀቴን በሉት። እኒህን ሴት ከኪዳን አስቀርቼ የምጠጣው ወተት ይቅርብኝ።

ኅዳር ፲፰፣ ከንጋቱ ፲፩ ሰዓት

ቦራ ትናንት ወለደች! ሴት፣ ቀይ፣ ግንባሯ ነጭ። አስካለ በጋቢዋ ጠቅልላ ቤት አስገባቻት። እኔንም ጥጃዋንም እኩል ሳመችን።

ለእማሆይ ማታ ነግሬያቸዋለሁ፤ እንዳይቀሩ። ከዛሬ ጀምሮ ተነሥቼ የምከፍት እኔ፣ የምወረውር እኔ። ሲመለሱም እንዲሁ። ብርድ ቢሆን፣ ዝናብ ቢሆን። እንቅልፍ እወዳለሁ፣ አንቺም ታውቂያለሽ ደብተሬ። ይሁን።

እያንኳኩ ነው። አስካለ ጥጃዋን ታቅፋ ተኝታለች፤ እንዳልቀሰቅሳቸው ቀስ ብዬ ል—