የታንከሩ እመቤት አልሞተችም

ይድረስ ለወንድምጋሼ፤

ልብወለድ እያነበብክ፣ «ደራሲው ይህችን ሴት ምን አድርጋው ገደላት?» ብለህ መጽሐፍ ወርውረህ አታውቅም? እኔ ትናንት ወረወርኩ። የወረወርኩት ደግሞ የገዛ መጽሐፋችንን ነው።

ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? የፋብሪካው ጩኸት እንቅልፍ ይሰጥሃል? እኔ ደህና ነኝ። ከተመረቅኩ ወዲህ ሥራ ፍለጋ ያልረገጥኩት ደጃፍ የለም፤ ተስፋ ግን አልቆረጥኩም። እማዬም ሰላም ትልሃለች። በቃ፣ ሰላምታው ይብቃህ፤ ተናድጃለሁ።

ማተሚያ ቤቱ ለመጨረሻ እርማት ጠርቶኝ ቅጂውን ሰጠኝ። በደስታ ገለጥኩት። መጨረሻው ላይ ስደርስ፣ ሳታማክረኝ የላክኸውን ምዕራፍ አገኘሁ። የጠፈር መንኮራኩራችን መሐንዲስ የውሃ ታንከሩን በመፍቻ ይከፍታል። ያቺ ሞተሩን እየሰደበች የምታስነሳው አሮጊት መንፈስ ውስጡ የለችም። «እመቤት የምትሏት የተበላሸ መለኪያ ድምፅ ናት» ይላል። ሠራተኞቹ ይስቃሉ፤ መንኮራኩሯ ጉዞዋን ትቀጥላለች። አለቀ።

አሁን ይሄ ምን ይባላል?

ውላችን ምን ነበር? ሞተሩ፣ ኮከቡ፣ የብረቱ ነገር ያንተ፤ መንፈሷ፣ ድግምቱ፣ ዓይን የማያየው ነገር የእኔ። አንዱ የፈጠረውን ሌላው አይገድልም። እማዬ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ያልሰማችው ምዕራፍ ደግሞ መጽሐፉ ውስጥ አይገባም። አንዱንም አላከበርክም!

እመቤቷን ከየት እንዳመጣኋት ጠፍቶህ ነው? መኪናዋ ክር እየበጠሰች ስታስቸግር እማዬ፣ «አንቺ ግትር፣ ደንበኛዬ ራቁቷን ትሂድልሽ?» ብላ ስትሰድባት ትነሳ አልነበር? አንተ «ዘይት አድርጌላት እኮ ነው» ስትል፣ እማዬ «ዘይትህን ጠጥታ ዝም ብላህ ነበር፤ የሰማችው እኔን ነው» ትልህ ነበር። መጽሐፋችን የተወለደው ከዚያ ክርክር ነው። ማን እንዳስነሳት እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ደስ የሚለውም እሱ ነበር። አንተ ግን ብቻህን ፈረድክ።

ማታ እማዬ አልጋዋ ላይ ሆና፣ «ሴትዮዋ መጨረሻዋ ምን ሆነ?» አለችኝ። «ተኝታለች፤ ሞተሩ ሲበላሽ ትነሳለች» ብዬ ዋሸኋት። እሷ ግን፣ «መጨረሻውን የጻፈው ወንድምሽ ነው አይደል? እሱ ከልጅነቱም የፈራውን ነገር ቶሎ መገላገል ይወዳል። መራራ መድኃኒት በአንድ ትንፋሽ ነበር የሚጨልጠው። አትቆጪው» አለችኝ።

እኔ ግን እቆጣሃለሁ! ምዕራፉን የላክኸው የእማዬ ሐኪም በደወለልህ ማግስት ነው። ምን እንዳለህ ለእኔ አልነገረኝም፤ አልጠይቀውምም። አንተም እንዳትጽፍልኝ። እኔ የማውቀው፣ ዛሬ ጠዋት እማዬ ሾርባዋን ጠጥታ፣ የቀሚሴን ጠርዝ አገላብጣ፣ «ማነው ይሄን የሰፋልሽ፣ ጠላትሽ ነው?» ማለቷን ነው። እንዲህ የምትሳደብ ሴት ገና አልጨረሰችም። እሷ ሳትጨርስ አንተ አትጨርስብኝ።

ማተሚያ ቤቱን ለምኜ እስከ ሰኞ አስቁሜዋለሁ። አራሚው፣ «መንኮራኩርና መንፈስ አስታርቃችሁ እናንተ ትጣሉ?» ብሎ ሳቀብኝ። አልሳቅኩም። እመቤቷን ብቻዬን ልመልሳት እችል ነበር፤ አላደርገውም። የፈራኸው አንተ ነህና ቁጭ ብለህ የምትጽፈውም አንተ ነህ። በፖስታ ግን አይሆንም። አለቃህን ፈቃድ ለምነው፣ ካልሰጠህም ተጣላውና ና። አልጋዋ አጠገብ ወንበር አለ፤ አንተ ጻፍ፣ እኔ ላንብብላት፣ እሷ ትሳቅብን። መጨረሻው ምን እንደሚሆን አላውቅም። ምናልባት ያንተው ይሆናል። ያኔም ቢሆን ሦስታችንም ባለንበት ይሁን።

መንገድህን ያቅናልህ። ከክፉ ይሰውርህ፤ ከእኔም ንዴት። የምትሳፈርበትን ቀን ብቻ ጻፍልኝ፤ መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ። ሌላ ምንም አትጻፍ። ግን ቶሎ።

እየተቆጣች የምትናፍቅህ
ታናሽ እህትህ