አረንጓዴው ሻሽና ያልመለስኩት ሰላምታ

ሰዒዴ፣

ትተኸን ከሄድክ ዘጠኝ ወር ሞላ። ሱቁን አሁን ልጃችን ሐያት ናት የምትከፍተው፤ ጨርቅ ስትለካ ቁርጥ አንተን። ቆብህ ከበሩ ኋላ እንደተሰቀለ ነው። እኔ ግን እህል አልዋጥልሽ፣ እንቅልፍ አልወስድሽ ሲለኝ፣ ሐያት የሥነ ልቦና አማካሪ ዘንድ ሂጂ ብላ ነዘነዘችኝ።

ቢሮው የት ቢሆን ጥሩ ነው? አማኑኤል ሆስፒታል አጠገብ! ያየኝ ሁሉ የሰዒድ ሚስት አበደች ሊል አይደል? በሰባተኛ ሰፈር በኩል ዞሬ፣ ፊቴን ሸፍኜ ሄድኩ። አማካሪዋ ደብተር ስትከፍት ደግሞ ከቀበሌ የተላከች መሰለችኝ። ለባዳ ገመናን መዘርዘር ምን ይሉታል? እናም ባሏ የሞተባት ጎረቤቴ ናት አልኳት። እሷም አላፈጠጠችብኝም። ሦስት ጊዜ ተመላልሼ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ጎረቤቴ አወራን።

በአራተኛው አፈረጥኩት። ከኮትህ ኪስ ያገኘሁትን አረንጓዴ ሻሽ አትረሳውም፤ የማን ነው ብልህ ስቀህ ዝም አልክ። ሌላ ጎጆ ቀልሷል ብዬ ሁለት ቀን አኮረፍኩህ። በሦስተኛው ጠዋት በሩ ላይ ቆመህ አሰላሙ አለይኩም ስትለኝ ጀርባዬን ሰጠሁህ። ቀትር ሳይሆን ከሱቅ ተሸክመው አመጡህ። ለቅሶው ላይ እንኳ፣ አብዝታ የምታለቅሰው የትኛዋ ናት እያልኩ ሴቶቹን ስሰልል ዋልኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

አማካሪዋ ባልሽ ንጹሕ ነበር አላለችኝም። ብትል ኖሮ ተነስቼ እወጣ ነበር። ሻሹን ያገኘሽው መቼ ነው ብቻ አለችኝ። ኢድ አራት ቀን ሲቀረው አልኳት፤ ከአፌ ሲወጣ ለራሴ ተሰማኝ። በየዓመቱ ለኢድ ሻሽ ትገዛልኝ አልነበር? አንድም ጊዜ ቀድመህ ነግረኸኝ አታውቅም።

እውነቱን ልንገርህ፣ ዛሬም ጨርሼ አላመንኩህም፤ አረንጓዴ እንደማልወድ ታውቅ የለ? ቢሆንም አሁን አሁን እንቅልፍ ይወስደኛል። ያንን ጠዋት ለሐያት ነግሬያት ተቃቅፈን አለቀስን። አማካሪዋም ዘንድ አሁን በዋናው መንገድ ነው የምሄደው፣ ፊቴን ሳልሸፍን።

ዛሬ ሻሹን አስሬ፣ አንተ ከቆምክበት በር ላይ ቆምኩ። እስካለሁ ድረስ በየጠዋቱ እዚያው ቆሜ አስታውስሃለሁ።

ወአለይኩም ሰላም፣ ሰዒዴ።