በወንድሜ ኖራ ላይ ስለታየው ፊልም

ቡታጅራ፣ ግንቦት 1964 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ፈቃደ፣ የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ድምፅዎና አለንጋዎ ሳይጓደሉ እንዲቆዩልን ከመላው ቤተሰቤ ጋር እመኛለሁ። እኔ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎ ሸረፋ ከድሮ ነኝ፤ ባለፈው ክረምት በወባ የሞተው የሸምሶ ታናሽ ወንድም። ይህን ደብዳቤ በገበያው ዋርካ ላይ የለጠፍኩት፣ እርስዎ ፊልሙን ለከተማው ሁሉ እንዳሳዩ እኔም ምስጋናዬን ለከተማው ሁሉ ማሳየት ስለሚገባኝ ነው።

አንደኛ፣ ከአዲስ አበባ በላንድሮቨር የመጡት ሰዎች ያሳዩንን በሥዕል የተሠራ አጭር ፊልም ስለፈቀዱልን አመሰግናለሁ። አንድ ዓይነት ባርኔጣ ያደረጉ ድቡልቡል ሰዎች ተሰልፈው ሲሄዱ፣ አንዱ ብቻ ባርኔጣውን ጥሎ ወፍ ሊከተል ከሰልፉ በወጣ ጊዜ፣ እርስዎ ከሁላችን ቀድመው አጨበጨቡ። ከዚያም ተነሥተው «ልጆቼ፣ እንደዚህ ራሳችሁን ሁኑ!» አሉን፤ ሁላችንንም በአንድ ድምፅ አስደገሙን።

ሁለተኛ፣ ቀንቻለሁ። በዚያ ድቡልቡል ሰው ቀንቻለሁ፤ አጥንት የለውም፣ የምታለቅስለት እናት የለችውም፣ ግን ተጨበጨበለት። በመጨረሻ ስሙ በትልልቅ ፊደል በወጣለት ፈረንጅ ሰዓሊም ቀንቻለሁ። ሸምሶ እኮ ያንኑ ነገር አምና በከሰል ሥሎት ነበር። በክፍላችን የውጭ ግድግዳ ላይ፣ ለሰንደቅ ዓላማ የተሰለፍነውን ሁላችንን አንድ ዓይነት ፊት ሰጥቶ ሣለን፤ ዳር ላይ የቆመው ልጅ ብቻ ፊቱን ወደ ዘቢዳር ተራራ አዙሯል። እርስዎ ያን ጊዜ አላጨበጨቡም። «አንተ ሰልፍ አበላሽ!» ብለው ገረፉት፤ ሥዕሉንም በገዛ እጁ በኖራ እንዲያጠፋው አዘዙት።

ሦስተኛውን ምስጋና ልበለው ቅሬታ አላውቅም። ወንድሜ ሥራ አያበላሽምና ኖራውን ደጋግሞ ቀባው፤ የፊልሙ ሰዎችም በከተማው ሁሉ ዞረው ከዚያ የነጣ ግድግዳ ስላጡ ፊልሙን እዚያው ላይ አሳዩት። ፊልምዎ ያን ያህል የጠራው በእሱ ኖራ ነው። ሕዝቡ ሲስቅ እኔ ከኖራው ሥር ያለውን ሥዕል ነበር የማየው።

ሸምሶ ፎቶግራፍ ተነሥቶ አያውቅም። ወደ ተራራው የዞረው ልጅ እሱ ራሱ ነው፤ ከመልኩ የቀረን ያ ብቻ ነው። ስለዚህ ግድግዳው ለክረምቱ በአዲስ ጭቃ ከመመረጉ በፊት፣ ያችን ጥግ ብቻ ኖራዋን በቀስታ እንድፍቅ እንዲፈቅዱልኝ በታላቅ ትሕትና እለምንዎታለሁ።

ለሥዕል የሰነዘሩት ጭብጨባ አንድ ቀን ለሰውም እንዲተርፍ የሚመኝ፣ በሰልፉ መሐል ቀጥ ብሎ የሚቆም ታዛዥ ተማሪዎ፣

ሸረፋ ከድሮ

የተረሳ፦ ስለ ፊልሙ ድርሰት ጻፉ ባሉን ጊዜ፣ በሰሌዳው ላይ የጻፉልንን «እኔ ከማንም የተለየሁ ነኝ» የሚል ድርሰት ክፍሉ በሙሉ ቃል በቃል ገልብጦ ዐሥር ከዐሥር አገኘ። እኔ ግን ስለ ሸምሶ ስለጻፍኩ በቀይ ቀለም ትልቅ ዜሮ ሰጡኝ። ማንበብ የማትችለው እናቴ ያችን ክብ አይታ «ይህንንም ሸምሶዬ ነው የሣለው?» ብላ ሳመቻት። ከእርስዎ እጅ የወጣ ነገር በቤታችን ሲሳም የመጀመሪያው ነውና፣ አላህ ይስጥልኝ።