የደምሌ ሙግት በወገዳ

ይርዳው ወንድሜ፣

ዛሬ ወገዳ ገበያ ዳር፣ ወይራ ሥር፣ ደምሌ የሚባል ገበሬ ስለ እርሻው ድንበር ሲሟገት ቆሜ ሰማሁ። እንደ እኔ ይንተባተባል። አፉ በያዘው ቁጥር ታላቅ ወንድሙ ቃሉን እየነጠቀ ይጨርስለታል፤ ሲቸኩልም ድንበሩን ከወንዙ ወዲህ አደረገበት! ከደምሌ ይልቅ እኔን አላበኝ። እሱ ግን፣ «በ... በ... በሕግ አምላክ! እርሻውም የኔ፣ አፉም የኔ!» አለ። ሰዉ ሳቀ። ግን በሕግ አምላክ ከተባለ ማን ንቅንቅ ይላል? አጥቢያ ዳኛው ሳይቀሩ ጠበቁት። እየተያዘ፣ እየቆመ፣ ነገሩን ራሱ ጨረሰ፤ ድንበሩም ከወንዙ ማዶ ጸና።

የወረቀቱ ቦታ አለቀብኝ። እማማ ውዴን ሳምልኝ። ሻይ ቤት ሁልጊዜ አንተ ታዝልኛለህ፤ ከፍቅር መሆኑን አውቃለሁ። ስመጣ ግን እኔ ልዘዝ፤ ሻዩ ቢዘገይም ታገሠኝ።

ተክለሃይማኖት