ጥቁሯ ጅማት

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ጠዋት ጥርት ያለ ሰማይ፣ ትንሽ ንፋስ። ቤት ውስጥ እኔና ታላቅ እህቴ እትዬ ብቻ። የምሠራበት ማተሚያ ቤት መብራት ጠፍቶበት ጥረዛ የለም፤ ቤት ዋልኩ።

በሁለት ወር በቴሌስኮፔ ያነሳኋቸውን ሁለት መቶ የሰማይ ፎቶዎች ኮምፒውተሩ አንዱን በአንዱ ላይ ደረባቸው። ከዚያ ጨለማውን በጥቂት በጥቂቱ ማንሳት... ሲቸኩሉ ሁሉም ይነጣል፤ ሲፈሩ ምንም አይወጣም። ስድስት ሰዓት ላይ በከዋክብቱ መሃል ያለው የጋዝ ደመና ወጣ። ቀላ ያለ፣ እንደ ጭስ የሳሳ። መሃሉ ላይ ደግሞ ቀጭን ጥቁር ጅማት። አባል በሆንኩበት የሰማይ ተመልካቾች ማህበር ውስጥ በማንም ፎቶ ላይ አይቻት አላውቅም።

ፎቶውን ለማህበሩ ጸሐፊ ላክሁለት። ወዲያው ደወለ።

«እሱማ መስታወትሽ ላይ ያለ ቆሻሻ ነው፣ እመቤት።» ሳቀ። «ለመሆኑ ማን ነው የሚሠራልሽ?»

ማን ይሠራልኛል? ስልኩን ዘጋሁ። «ራሴ ነኝ» የሚለው መልስ የመጣልኝ ሰሃን ሳጥብ ነው፣ እንደ ሁልጊዜው። ስምንት ዓመት አባል ነኝ። አንድም ቀን ዐውደ ርዕያቸው ላይ ፎቶዬን ሰቅለውልኝ አያውቁም።

ጥቅምት 5

ግራጫዎቹን ልልክለት ብዬ ማህደሩን ከፈትኩ። ባዶ።

ግራጫ የምላቸው የቴሌስኮፑን አፍ በነጭ ጨርቅ ሸፍኜ በቀን ብርሃን ያነሳኋቸውን ነው። ከመስታወቱ እድፍ ጥላ በቀር ምንም የለባቸውም። ኮምፒውተሩ ያንን ጥላ ከሰማዩ ፎቶ ላይ ያነሳልኛል። ከዚያም በኋላ ጅማቷ ካለች፣ እውነተኛ ናት። ማስረጃዬ እነሱ ነበሩ።

«እትዬ፣ ኮምፒውተሩን ነክተሻል?»

«ሞላ እያልሽ ስታማርሪ አልነበር? አጸዳሁልሽ። ያንን ባዶ ግድግዳ ያነሳሽውን።»

«ባዶ አይደለም።»

«ኧረ ባዶ ነው፣ ጭምቷ። ሃምሳውንም አይቻለሁ እኮ፣ አንድ በአንድ።»

አንድ በአንድ አይታ ነው ያጠፋችው። ወረቀቶቼን ያቃጠለች ጊዜም ዝም ብያለሁ። ስለ ከዋክብት የማውቀውን ሁሉ የለቀምኩት ማተሚያ ቤት ከሚጣል ወረቀት ነው። ግማሽ ገጽ፣ ጫፉ የተቆረጠ፣ ቀለሙ የተጨማለቀ... ሁለት ካርቶን ሙሉ። «አይጥ ይራባበታል» ብላ ለኮሰችው። ያኔ ምን አልኩ? ምንም። ለዚህ ነው ጭምት የሚሉኝ።

ጥቅምት 7

ጸሐፊው ደወለ። ድምፁ ማር ሆኗል። ለማህበሩ ሰብሳቢ አሳይቷት ወዳዋለች።

«ጅማቷ እውነት ናት አይደል?»

«እውነት ናት። በግራጫዎቹ አስተካክዬዋለሁ።» መጥፋታቸውን አልነገርኩትም።

ፎቶው በትልቁ ታትሞ ሮብ በሚከፈተው ዐውደ ርዕይ ላይ ይሰቀላል። የጥሪ ወረቀቱም ላይ ይወጣል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር... ሳቁ ግን ከጆሮዬ አልወጣም።

ጥቅምት 8

ካልጻፍኩ ልፈነዳ ነው።

ከሥራ ስመለስ ካሜራው ከቴሌስኮፑ ተፈትቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። እትዬ የመነጽሯን መጥረጊያ ይዛ ፈገግ ብላለች።

«ውስጥ ያለችዋን መስታወት ፅድት አድርጌ ጠረግኩልሽ። ላጠፋሁብሽ ካሳ ይሁንሽ።»

ጅማቷን ለማረጋገጥ የቀረኝ አንድ መንገድ ነበር። ካሜራው ሳይነቃነቅ፣ እድፉ እንዳለ፣ አዲስ ግራጫ ማንሳት። ለነገ እሑድ ቀጥሬው ነበር።

ጮኽኩ። ሁሉን አላስታውስም... «እጅሽን ከእኔ ነገር ላይ አንሺ» ማለቴን አስታውሳለሁ። ስለ ወረቀቶቹም ጮኽኩ። ጎረቤት በር ከፍቶ አየን። እትዬ ወንበር ፈልጋ ቁጭ አለች።

«ለካ ድምፅ አለሽ» አለች ቀስ ብላ።

ጥቅምት 9

ካሜራውን መልሼ ቴሌስኮፑ ላይ ገጠምኩ። ምሳ ለየብቻ በላን።

ጥቅምት 11

ሁለት ሌሊት ጠርቶ እንደገና አነሳሁ። ዛሬ ፈቃድ ጠይቄ ስሠራ ዋልኩ። ደመናው አለ። ጠርዙ ላይ እንዲያውም ከበፊቱ የረቀቀ ጭስ ወጣ።

ጅማቷ የለችም።

ሦስት ጊዜ ከመጀመሪያው ሠራሁት። የለችም።

የድሮዎቹን ፎቶዎች ከፈትኩ። ከዋክብቱ ከአንዱ ሌሊት ወደ ሌላው ትንሽ ትንሽ ይንሸራተታሉ። ጅማቷ እዚያው ናት፣ ንቅንቅ አትልም። ሰማይ ላይ ብትሆን አብራቸው ትንሸራተት ነበር። ይህንን ማየት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር። ግራጫዎቹስ? የግንቦት ናቸው። አንዴ አንስቼ ተገላገልኩ ብዬ ለወራት እነሱኑ ስጠቀም... እድፉ የገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ ጥላው እነሱ ላይ አልነበረም። እትዬ ያጠፋችው የማይረባ ነገር ነበር። የጠረገችው ደግሞ ግኝቴን።

ነገርኳት።

«እና ያ ሁሉ ጩኸት ለእድፍ ነው?»

«ለእድፍ ነው።»

«ወይ ጉድ። ታዲያ ማን ያውቃል? እኔና አንቺ። ተያቸው፣ ይስቀሉት።»

ይቅርታ ልላት ይገባ ነበር። አልወጣኝም። የወረቀቶቼ ቂም እንዳለ ነው። የዛሬው ንዴት ግን የራሴ ነው፤ ለማንም አላካፍለውም።

ጥቅምት 12

ሁለት ሰዓት ላይ አዳራሹ ደረስኩ። ጸሐፊው መሰላል ላይ ሆኖ የጎን ግድግዳውን ፎቶ ያስተካክላል። የእኔው ፎቶ ከበሩ ትይዩ ተሰቅሏል፣ ትልቅ። «ብዬሽ ነበር» እንደሚለኝ አውቃለሁ። ልውጠው ተዘጋጅቼ ነው የሄድኩት።

«እርስዎ ልክ ነበሩ። ቆሻሻ ነው።»

አልሳቀም። ግራ ቀኙን አየ።

«ለማን ነግረሻል?»

«ለእህቴ። ለእርስዎ።»

«በቃ እዚሁ ይቅር። ጥሪው ተበትኗል። ሰብሳቢዋ ንግግሯን የምትጀምረው በዚህች ጅማት ነው።»

«ይውረድ።»

«አይወርድም። በይ ሂጂ፣ እኛ እናውቅልሻለን።»

ሳያጣራ ቆሻሻ ነው ብሎ የሳቀብኝ ሰው፣ ዛሬ ቆሻሻ መሆኑን አውቆ አልነካም አለ። እኔ ደግሞ ይህ ሰው እንዲያምነኝ ስንት ዓመት ስለማመጥ ኖሬያለሁ።

አልጮኽኩም። ከቦርሳዬ እስክሪብቶ አወጣሁ። ከፎቶው ሥር የተለጠፈው ወረቀት ላይ፣ ከስሜ ቀጥሎ በትልልቁ ጻፍኩ፦ «ጥቁሯ መስመር ሰማይ ላይ የለችም። ካሜራዬ መስታወት ላይ የነበረ እድፍ ናት። እኔ አላጣራሁም። እህቴ ስትጠርገው ጠፋች።»

«ምን እያደረግሽ ነው?» እያለ ከመሰላሉ ሲወርድ አራት ነጥቡን አኖርኩ። እስክሪብቶውን ከደንኩ። ወደ ሥራ ሄድኩ። አሥራ ሁለት ደቂቃ አረፈድኩ።